የተደፈነ ሲንክ፦ ከመክፈት በፊት የዘጋውን ማወቅ

(ለጋራ መኖሪያ ቤት ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር በጽሑፍ ሲቀርብ)

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ የማኅበሩ ኮሚቴ አባላት፣ እንዲሁም የቧንቧ ሥራ በመሠልጠን ላይ ያላችሁ ወጣቶች፤ እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በየቤታችን የሚያጋጥም፣ ነገር ግን በቅጡ ተብራርቶ ሲቀርብ እምብዛም የማንሰማው ነው፤ እርሱም የወጥ ቤት ሲንክ ሲደፈን ምን ማድረግ እንደሚገባ ነው። ሲንኩ ውኃ አልወርድ ሲል አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ልጨምርበት?» ብሎ ነው። እኔ ግን ከዚህ ጥያቄ አስቀድሞ ሁለት ሌሎች ጥያቄዎች መመለስ እንዳለባቸው ላስረዳችሁ እወዳለሁ፤ የዘጋው ነገር ምንድን ነው? የተዘጋውስ የት ላይ ነው? ለእነዚህ መልስ ሳይገኝ የሚፈስ የፈላ ውኃም ሆነ ኬሚካል ድፍኑን ሊያጠነክረው፣ ቧንቧውን ሊያበላሸው፣ ከዚያም አልፎ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

አስቀድመን ውኃው የሚሄድበትን መንገድ እንከተል። ከሲንኩ ቀዳዳ የወጣው ውኃ በአጭር ቱቦ ወርዶ ሲፎን ወደምንለው ክፍል ይገባል። ሲፎኑ በአንዳንዱ ቤት የታጠፈ ቱቦ ነው፤ በሌላው ደግሞ ከታቹ የሚፈታ ቆብ ያለው ሰፋ ያለ ኩባያ ነው። ከሲፎኑ ቀጥሎ በግድግዳ ወይም በወለል ውስጥ በትንሽ ቁልቁለት የተዘረጋ አግድም ቧንቧ አለ፤ ለወጥ ቤት ሲንክ አብዛኛውን ጊዜ 40 ወይም 50 ሚሊ ሜትር፣ ለእጅ መታጠቢያ ደግሞ 32 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ነው። አግድሙ ቧንቧ ከላይኛው ፎቅ ጀምሮ ቀጥ ብሎ ከሚወርደው የጋራ ቧንቧ ጋር ይገናኛል፤ የጋራው ቧንቧም ግቢ ውስጥ ወዳለው ማንሆል (ክዳን ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ) ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ሴፕቲክ ታንክ ወይም ወደ ከተማው የፍሳሽ መስመር ይሄዳል።

ስለ ሲፎኑ ጥቂት መጨመር አለብኝ፤ ምክንያቱም በብዙ ቤቶች የሚበደለው እርሱ ነው። በሲፎኑ ውስጥ ሁልጊዜ ከ50 እስከ 75 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ከፍታ ያለው ውኃ ይቀመጣል፤ የተሠራውም ይህን ውኃ እንዲይዝ ነው፤ ውኃው ከፍሳሽ መስመሩ የሚመለሰውን ጋዝ ወደ ቤት እንዳይገባ ይከለክላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1775 በለንደን ይኖር የነበረው ስኮትላንዳዊው ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ካሚንግ ለመጸዳጃ ቤት የታጠፈ ቧንቧ ሠርቶ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ዛሬም በየቤታችን ያለው ሲፎን የሚሠራው በዚያው መርህ ነው። ከፍሳሽ መስመሩ ከሚመለሱት ጋዞች አንዱ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ የበሰበሰ ዕንቁላል ሽታ ያለው፣ በርከት ሲል ደግሞ ማሽተት የሚችለውን የአፍንጫ ነርቭ የሚያደነዝዝ መርዘኛ ጋዝ ነው። ስለዚህ «ሲፎኑ ነው የሚደፈነው» ብሎ ሲፎኑን አውጥቶ በቦታው ቀጥ ያለ ተጣጣፊ ቱቦ የሚያስገባ ባለሙያ ሲያጋጥማችሁ እባካችሁ አትፍቀዱለት። ቆሻሻው ሲፎኑ ውስጥ መቅረቱ ለእኛ የሚጠቅም ነገር ነው፤ እዚያ ከቀረ በእጅ ይወጣል፣ አልፎ ከሄደ ግን ግድግዳ ሊያስፈርስ ይችላል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልግባ፤ ሲንካችንን የሚደፍነው ምንድን ነው? መልሱ ከምንበላው ነገር ይነሣል። በእኛ ወጥ ቤት ዋነኛው ደፋኝ ስብ ነው። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ የሚረጋው የፓልም ዘይትም ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ የበግና የከብት ሞራ ደግሞ ከ40 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። እንግዲህ የአዲስ አበባን አየር አስቡት፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ በግድግዳና በወለል ውስጥ ያለው ቧንቧ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ቀዝቃዛ ነው። ከምጣዱ ወይም ከድስቱ ቀልጦ የወረደው ስብ ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ሳይሄድ ይቀዘቅዛል፣ ከቧንቧው ግድግዳ ላይም ይረጋል። በሚቀጥለው ቀን ሌላ ይደረብበታል። ቧንቧው በአንድ ቀን አይደፈንም፤ 50 ሚሊ ሜትር የነበረው መተላለፊያ ቀስ በቀስ 40፣ ከዚያ 30፣ ከዚያ 20 ይሆናል፤ እኛ የምናውቀው ግን የመጨረሻዋ የሩዝ ፍሬ የቀረችውን ቀዳዳ የዘጋች ቀን ነው።

የቆየ ስብ ደግሞ ስብ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከስቡ የሚለዩት አሲዶች በውኃውና በኮንክሪቱ ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ተዋሕደው ጠንካራ፣ ነጭ፣ ሳሙና መሰል ቋጥኝ ይሠራሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 በለንደን ዋይትቻፕል በተባለ ሰፈር ከመንገድ ሥር የተገኘው የዚህ ዓይነት ክምር 250 ሜትር ርዝመትና 130 ቶን ክብደት እንደነበረው ተነግሯል። እኛ ቤት ያለው በሴንቲ ሜትር የሚለካ ቢሆንም የሚሠራበት መንገድ አንድ ነው፤ እንዲህ የጠነከረው በሙቅ ውኃ አይቀልጥም፤ መፋቅ ወይም መነሣት አለበት።

ሁለተኛው ደፋኝ ዱቄት ነው፤ ይህን በተለይ በጥሞና እንድታዳምጡልኝ እለምናለሁ። እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ሁሉ የሊጥ ቡሃቃ ያጥባል፤ ሽሮ የሚሠራበት ቤት ሁሉ የሽሮ ድስት ያጥባል። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ያለ ሊጥ የተበተነ ዱቄት ነው፤ በብዙ ውኃ ከተገፋ ይሄዳል። ነገር ግን ሲንኩ ሲዘገይ የፈላ ውኃ የሚያፈስበት ሰው ምን እያደረገ ነው? አብሲት እየጣለ ነው። ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውኃ ሲበስል እንዴት እንደሚወፍርና እንደሚያያዝ እናቶቻችንና እኅቶቻችን ከማንም መሐንዲስ በላይ ያውቁታል፤ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ሙቀቱ 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ውኃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይጣበቃል። ያው ነገር በቧንቧ ውስጥ ሲሆን ከቧንቧው ጋር የተጣበቀ ገንፎ ይሆናል። እንግዲህ ድፍኑ የቅቤ ከሆነ ሙቅ ውኃ ይረዳል፣ የሊጥ ከሆነ ያባብሳል። አንድ ዓይነት ውኃ ለአንዱ ቤት መድኃኒት፣ ለሌላው ጉዳት የሚሆንበት ምክንያት ይህ ነው፤ እኔም የዘጋውን ሳታውቁ ምንም አትጨምሩ የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ሦስተኛው የቡና አተላ ነው። አተላው አይሟሟም፣ አይበሰብስም ለማለትም የሚያስደፍር ነው፤ ከውኃ ስለሚከብድ በሲፎኑ ሥርና በአግድሙ ቧንቧ ወለል ላይ ይተኛል። ብቻውን ቢሆን በውኃ ብዛት ሊገፋ ይችል ነበር። በስብ ላይ ሲያርፍ ግን ይያያዝና ስቡን ያጠነክረዋል። ጀበና በቀን ሦስት ጊዜ በሚጣድበት ቤት አተላው ወደ ሲንክ ከሚሄድ ይልቅ ወደ አበባ ማሰሮ ወይም ወደ ቆሻሻ መያዣ ቢሄድ ብዙ ወጪ ይቀራል። የእጅ መታጠቢያው ድፍን ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ አብዛኛውን ጊዜ በሳሙና የተያያዘ ፀጉር ስለሆነ ምንም ዓይነት ውኃ አያነሣውም፣ ጫፉ በተቆለመመ ቀጭን ነገር ተስቦ መውጣት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ከእነዚህ ሁሉ ጋር የሚያብር አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የውኃ ማነስ ነው። የፍሳሽ ቧንቧ የሚጠራው በሚያልፍበት ውኃ ፍጥነት ነው፤ መሐንዲሶች ቆሻሻ ሳይተኛ እንዲሄድ ውኃው በሰከንድ ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል መጓዝ አለበት ይላሉ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ዕቃ የሚታጠበው ከጀሪካን በሚቀዳ ጥቂት ውኃ፣ በሳፋ ነው፤ የሳፋው እጣቢ ወፍራም፣ ቅባት የበዛበትና ምግብ የተበተነበት ሆኖ ይደፋል፤ ከኋላው የሚገፋው ንጹሕ ውኃ የለም። ስለዚህ ድፍኑ የነዋሪው ቸልተኝነት ብቻ ነው ማለት ፍትሐዊ አይደለም። ማድረግ የሚቻለው ይህ ነው፤ ውኃ በመጣ ቀን የሲንኩን ቀዳዳ በክዳኑ ዝጉ፣ ሲንኩን ለብ ባለ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ እስከ ግማሽ ሙሉት፣ ከዚያ ክዳኑን በአንድ ጊዜ አንሡት። ከቧንቧ እየተንጠባጠበ ለአንድ ሰዓት ከሚፈስ ውኃ ይልቅ ይህ አንድ ሙሉ ፍሰት ቧንቧውን ይጠርጋል። ሌላው ቢቀር ውኃ ለብዙ ቀናት በጠፋበት ወቅት ሲፎኑ እንዳይደርቅ አንድ ብርጭቆ ውኃ ማፍሰስ ሽታውን ያስቀራል።

አሁን ሁለተኛውን ጥያቄ እንመልስ፤ የተዘጋው የት ላይ ነው? ለዚህ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ማየትና መስማት ይበቃል። የወጥ ቤቱ ሲንክ ብቻ ዘግይቶ የእጅ መታጠቢያውና የሻወሩ ወለል በደንብ የሚወርዱ ከሆነ ድፍኑ በሲፎኑ ወይም ከእርሱ በሚቀጥለው የራሳችሁ አግድም ቧንቧ ውስጥ ነው። በቤቱ ውስጥ ሁለትና ሦስት ቦታ በአንድነት ከዘገየ ግን እነርሱ ከተገናኙበት በኋላ ያለው ቧንቧ ነው። ከሁሉ የሚለየው ምልክት ይህ ነው፤ እናንተ ውኃ ሳትከፍቱ ሲንካችሁ ውስጥ የሌላ ሰው እጣቢ ከታች ወደ ላይ ቢወጣ የተደፈነው የጋራው ቧንቧ ነው፤ ያን ጊዜ በራሳችሁ ሲንክ ላይ የምታደርጉት ማናቸውም ነገር ዋጋ የለውም። ውኃው የሚወርድ ሆኖ ከሲፎኑ ጉርጉር የሚል ድምፅ ካሰማ ደግሞ አየር የሚገባበት፣ ጣሪያ ላይ የሚወጣው የቧንቧ ጫፍ ተዘግቶ እንደሆነ ማጣራት ይገባል፤ አየር ባጣ ቁጥር የሚወርደው ውኃ የሲፎናችሁን ውኃ ይስበዋል፣ ሽታውም ይከተላል።

ድፍኑ የራሳችሁ መሆኑን ካረጋገጣችሁ መጀመሪያ የሚሞከረው እንጨት ወይም ፕላስቲክ እጀታ ያለው የጎማ ቆብ ነው። ብዙ ሰው ይህን መሣሪያ ሞክሮ አልሠራም ይላል፤ የማይሠራበት ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ አየር ነው። ውኃ ሲጨመቅ አይጠብም፣ አየር ግን ይጠባል፤ ስለዚህ የምትሰጡት ኃይል ወደ ድፍኑ የሚደርሰው ቆቡ በውኃ ውስጥ ከሰጠመና አየር ከሌለው ብቻ ነው። ሲንኩ ውስጥ ቆቡን የሚሸፍን ውኃ ይኑር። ሲንኩ ባለሁለት ጉድጓድ ከሆነ የሁለተኛውን ቀዳዳ በረጠበ ጨርቅ አጥብቃችሁ ያዙት፤ ከጠርዙ አጠገብ የትርፍ ውኃ መውጫ ቀዳዳ ካለም እንዲሁ። በቆቡ ከንፈር ላይ ጥቂት ቫዝሊን መቀባት ይበልጥ ያጣብቀዋል። ከዚያ ቆቡ ከቀዳዳው ሳይላቀቅ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ወደ ታች ግፉና ወደ ላይ ሳቡ። ልብ በሉ፤ መሳቡ ከመግፋቱ ይበልጣል። መግፋት ድፍኑን ወደ ፊት ያጠብቀዋል፣ መሳብ ግን ይበታትነዋል፣ ከቦታውም ያናውጠዋል። ለስብ ድፍን ከሆነ ከዚህ በፊት ፈሳሽ ሳሙናና ያልፈላ ሙቅ ውኃ አፍስሳችሁ ሩብ ሰዓት ብትታገሡ ሳሙናው ስቡን ከውኃው ጋር ያዋሕደዋል።

«ያልፈላ» ያልኩት በምክንያት ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ያም ቢሆን ለፒቪሲ ቧንቧ ብዙ ነው። ፒቪሲ ከ60 ዲግሪ በላይ ላለ ሙቀት በየጊዜው እንዲጋለጥ አይመከርም፤ ይለሰልሳል፣ መጋጠሚያው ይላላል፣ ከዚያም በካቢኔው ውስጥ ቀስ እያለ የሚንጠባጠብ ውኃ ይጀምራል።

በጎማው ካልተከፈተ ሲፎኑን መፍታት ነው። ይህን ሥራ ብዙዎች ይፈሩታል፤ እኔ ግን አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ በአዋቂ ፊት ሊሠራው የሚችል ሥራ መሆኑን በሙሉ ልብ እነግራችኋለሁ። በሲፎኑ ሥር ባልዲ አስቀምጡ፣ ጓንት አድርጉ፣ በካቢኔው ወለል ላይ አሮጌ ጨርቅ አንጥፉ። አሮጌ የእጅ ስልክ ካላችሁ ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሡት፤ የትኛው ቀለበት በየትኛው ፊት እንደነበረ መልሳችሁ ስትገጥሙ ይጠቅማችኋል። የፕላስቲክ ሲፎን ዳዶዎች በእጅ እንዲፈቱ የተሠሩ ናቸው፤ እንቢ ካሉ በጨርቅ ይዛችሁ አዙሩ፣ በመፍቻ ግን አታስጨንቋቸው፣ ይሰነጠቃሉ። ኩባያ መሰሉ ሲፎን ከሆነ የታችኛውን ቆብ ብቻ መፍታት ይበቃል። ውኃው ወደ ባልዲው ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣውን ነገር ጊዜ ወስዳችሁ ተመልከቱ፤ ነጭና ቅባት ከሆነ ስብ ነው፣ የሚያዳልጥ ለጥ ያለ ሙጫ ከሆነ ሊጥ ነው፣ ጥቁር አሸዋ መሰል ከሆነ የቡና አተላ ነው። መጀመሪያ ያነሣነውን ጥያቄ በእርግጠኝነት የሚመልስላችሁ ይህ ባልዲ ነው፤ በቤታችሁ ከዚህ በኋላ ምን መቀየር እንዳለበት ይነግራችኋል።

ሲፎኑን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና እጠቡት፤ የተፈታውን ሲፎን ግን በዚያው ሲንክ ላይ እንዳታጥቡ፣ ውኃው በቀጥታ ካቢኔው ውስጥ ይወርዳል። ስትገጥሙ የጎማ ቀለበቶቹን አጥርታችሁ በቦታቸው መልሷቸው፤ የደረቀ ወይም የተሰነጠቀ ካለ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር በትንሽ ዋጋ ይገኛል። ከዚያ ሲንኩን ሙሉት፣ ክዳኑን አንሡ፣ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ዙሪያ ደረቅ የሶፍት ወረቀት አሳልፉ። ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ ከወጣ ሥራው ተጠናቅቋል።

ሲፎኑ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝስ? እንግዲያው ድፍኑ ግድግዳው ውስጥ ነው። ለዚህ የሚሆነው በእጀታ የሚዞር ተጣጣፊ የሽቦ ስፕሪንግ ነው፤ ሲፎኑ በተፈታበት በኩል ወደ ግድግዳው ቧንቧ ይገባል፣ ሲከለከልም እየተሽከረከረ ይበሳል ወይም ነክሶ ይዞ ይመለሳል። በየቦታው የማየው፣ በእጅጉም የሚያሳስበኝ ልማድ በዚህ ፈንታ የፌሮ ብረት መጠቀም ነው። ፌሮ አይተጣጠፍም፤ ከመታጠፊያው ሲደርስ ፒቪሲውን ይበሳል፣ ውኃውም ወደ ታችኛው ጎረቤት ኮርኒስ መንገድ ያገኛል። ስፕሪንጉ ለአንድ ቤት ውድ ከሆነ ለአንድ ብሎክ አንድ ገዝቶ በኮሚቴው እጅ ማስቀመጥ ይቻላል።

ኬሚካልን እስከዚህ ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው። ከሁሉ በፊት የሚደርሰን እርሱ ነው፤ መምጣት የነበረበት ግን ከሁሉ በኋላ ነው፣ በብዙ ቤት ደግሞ ባይመጣ ይሻላል። በገበያ የሚሸጠው የሲንክ መክፈቻ ዱቄት በአብዛኛው ኮስቲክ ሶዳ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ስብን ወደ ሳሙና ይለውጣል፣ ፀጉርንም ይበላል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ውኃ ሲያገኝ በኃይል ይሞቃል፤ ቧንቧው ሙሉ በሙሉ በተዘጋበት ሁኔታ ዱቄቱ ሲፎኑ ውስጥ ተከማችቶ እንደ ድንጋይ ሊጠነክር፣ ፕላስቲኩንም ሊያቀልጥ ይችላል። አሉሚኒየም ላይ ሲያርፍ ተቀጣጣይ የሆነውን የሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። ከዚህ በኋላ በጎማው ቆብ ብትመቱ የሚረጨው ውኃ ዓይን ያጠፋል፤ ሲፎኑን ለመፍታት የሚመጣው ባለሙያም ሳያውቅ እጁንና ፊቱን ያቃጥላል። ስለዚህ ኬሚካል ጨምራችሁ ባለሙያ ከጠራችሁ ገና ከበሩ ሳይገባ ምን እንደጨመራችሁ ንገሩት።

ከሁሉ የከፋው መቀላቀል ነው። አንዱ አልሠራ ሲል ሌላውን መጨመር የተለመደ ነው። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ የአሲድ ዓይነቱ የባትሪ አሲድም ይሁን አቼቶ ልዩነቱ የብዛት ብቻ ነው። በጠባብ፣ መስኮት በሌለው ወጥ ቤት ውስጥ ይህ ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ ይገድላልም። አሲድና ኮስቲክ ሶዳ ሲገናኙ ደግሞ ፈልተው ይረጫሉ። በማኅበራዊ ሚዲያ ብዙ የሚነገርለት የቤኪንግ ሶዳና የአቼቶ ቅልቅል አደጋ የለውም፤ አረፋው ዓይን ይማርካል፣ ነገር ግን ሁለቱ እርስ በርሳቸው ተዋሕደው የሚቀረው ጥቂት ጨው ያለበት ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ የረጋ ስብን አያነሣም።

ኮስቲክ ሶዳ በቤት ውስጥ የግድ የሚኖር ከሆነ በለስላሳ መጠጥ ወይም በውኃ ጠርሙስ ፈጽሞ አይቀመጥ፤ ልጆች ይጠጡታል። ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ ወዲያውኑ በሚፈስ ብዙ ውኃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ መታጠብና ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል፤ አቼቶ ወይም ሎሚ ማፍሰስ ጉዳቱን ይጨምራል። የዋጠ ልጅ እንዲያስታውክ አይገደድ፤ ሲወጣ ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥለዋልና በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። እዚህ ላይ ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ቤት ነዋሪ ራሱን አንድ ነገር ይጠይቅ፤ በዚህች ሰዓት ቧንቧው ደርቆ ቢሆን የ20 ደቂቃ ውኃ ከየት ይመጣል? የሞላ ጀሪካን በአጠገባችሁ ከሌለ የኮስቲክ ሶዳውን ዕቃ አትክፈቱ።

በመጨረሻ ወደ ጋራው ቧንቧ ልመለስ፤ በጋራ መኖሪያ ቤት ትልቁ ጭቅጭቅ የሚነሣው ከዚያ ነው። የጋራው ቧንቧ ሲደፈን ጉዳቱ የሚወድቀው መሬት ላይ ባለው ቤት ላይ ነው፤ ከአራተኛ ፎቅ የወረደ የቅቤ እጣቢ መውጫ ሲያጣ የሚወጣው በእርሱ ሲንክ ነው። ከፋሲካና ከገና ማግስት ይህ የሚበዛውም ሁሉም ቤት በአንድ ቀን የዶሮ ወጥ ድስትና የሞራ ምጣድ ስለሚያጥብ ነው። የመሬት ቤቱ ነዋሪ ባለሙያ ጠርቶ ብቻውን ይከፍላል፤ ይህ ግን አግባብ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የጋራ መጠቀሚያዎችን የመጠበቅና የመጠገን ኃላፊነት የሰጠው ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው፤ ሁሉም ቤት የሚጠቀምበት ቧንቧ ደግሞ የጋራ መሆኑ አያከራክርም። ስለዚህ የጋራው ቧንቧ መክፈቻ ወጪ ከማኅበሩ ሒሳብ መውጣት አለበት፤ ከበዓል በፊት ማንሆሉን ከፍቶ ማየትም የኮሚቴው መደበኛ ሥራ ቢሆን መልካም ነው።

የበዓሉን ስብ በተመለከተ እያንዳንዱ ቤት ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ነገር አለ። ድስቱንና ምጣዱን ከማጠባችሁ በፊት በሶፍት ወይም በቁራሽ እንጀራ ጥረጉት፤ የተረፈውን ዘይት ደግሞ ሲቀዘቅዝ ክዳን ባለው አሮጌ የዘይት ጀሪካን አጠራቅሙና ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ስጡ። በሲንኩ ቀዳዳ ላይ የምታስቀምጧት ትንሽ ወንፊትም ሩዙንና አተላውን ታስቀራለች።

ከመለያየታችን በፊት ለኮሚቴው አንድ ጥያቄ አለኝ። በእያንዳንዱ የጋራ ቧንቧ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመሬት ቤቱ ወይም በመጀመሪያው ፎቅ ከፍታ፣ ለማጽጃ ተብሎ የተተወ በዳዶ ወይም በብሎን የሚዘጋ መክፈቻ አለ። ስፕሪንግ የሚገባው በእርሱ ነው፤ እርሱ ከተገኘ የማንም ግድግዳ አይፈርስም። በብዙ ሕንፃ ግን ይህ መክፈቻ ወጥ ቤት ሲታደስ በሴራሚክ ተሸፍኗል፣ ወይም ከቁም ሣጥን ጀርባ ቀርቷል፤ ተከራይ ሲለወጥም የት እንዳለ የሚያውቅ ይጠፋል። በዚህ ሳምንት ከየብሎኩ አንድ ሰው ተመድቦ መክፈቻዎቹን እየዞረ ይፈልግ፣ የተሸፈኑት ይከፈቱ፣ ያሉበት ቦታም በማኅበሩ መዝገብ ላይ በቤት ቁጥር ይጻፍ። ሥራውን ለመምራት ፈቃደኛ ነኝ፤ ስፕሪንጉንም ይዤ እመጣለሁ። አመሰግናለሁ።